ሦስተኛው ዲስክ

በሐበሻ መሀል ኮምፒውተር ያውቃል የተባለ ሰው ሙያውን ቢሮ ትቶ መምጣት አይችልም። ሠርግ ቤት ስገባ ከምግቡ በፊት ስልክ ይቀርብልኛል፤ «እስቲ እያት፣ ሞልቻለሁ እያለች አስቸገረችኝ።» ክርስትና ላይ ደግሞ ላፕቶፕ ነው፤ «ልጅቷ ኮሌጅ ልትገባ ነው፣ የቱን ልግዛላት? ዊንዶውስ ይሻላል አፕል?» ለቅሶ ቤት እንኳ አይቀርልኝም። ባለፈው ዓመት ባሏን የቀበረች እህት በሦስተኛው ቀን ጥግ ወስዳኝ የሟቹን ስልክ እጄ ላይ አስቀመጠች። የሚከፈትበትን ቁጥር ለማንም አልነገረም። የልጆቹ ፎቶ፣ ለእናቱ የቀዳው ድምፅ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። የዛሬ ስልኮች በውስጣቸው የሚቀመጠውን ሁሉ ያመሰጥራሉ፤ ቁጥሩ ከሌለ እኔን የመሰለ ባለሙያ አይከፍታቸውም። ይህን ስነግራት «አንተም አቃተህ?» አለችኝ።

በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኛል። ማሽኑ ተለዋውጧል፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ የቱ ይሻላል? መልስ ያጣሁበት ጊዜ አልነበረም። መልሱ ግን በየአምስት ዓመቱ ይለዋወጥ ነበር።

ሥራ ስጀምር ዊንዶውስ 95 ገና አላረጀም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 1995 ለሽያጭ ሲቀርብ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ሱቅ በር ተሰልፎ ነበር፤ ዳቦ ለመግዛት አይደለም፣ ፕሮግራም ለመግዛት። ያኔ የሙያችን ግማሹ ቀጥ ያለን ማሽን አጥፍቶ ማብራት ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2001 ዊንዶውስ ኤክስፒ መጣ። ኤክስፒን ሰው የወደደው ከሌላው የተለየ ጥበብ ስለነበረው አይመስለኝም። እስከ ኤፕሪል 2014 ድረስ ድጋፍ ሳይቋረጥበት አሥራ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ስለቆየ ነው። ሰው አንድን ዕቃ ለምዶ ዕቃውን ረስቶ ሥራውን ሲሠራ ያን ጊዜ ነው ቴክኖሎጂ ሥራውን ሠራ የሚባለው።

እኔ ግን በዚያ መሀል ሃይማኖት ለውጬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ተማሪ የጀመረው ሊኑክስ የማንም ንብረት ስላልሆነ ልቤን ወሰደው። ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ የጠየቀውን ሁሉ ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልኩለት ነበር። እኔም በካርቶን ተቀብዬ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደ ጠበል አደልኩት። ከወሰዱት መካከል ስንቱ ጭኖት እንደሆነ እንጃ። አንዲት እናት ግን የስኒ ማስቀመጫ አድርገውት በዓይኔ አይቻለሁ። ከሊኑክስ ቀጥሎ አፕል ሆንኩ፤ እሱንም እስኪሰለቸኝ ሰበክሁት። በስርዓተ ክወና ምክንያት ያኮረፍኳቸው ጓደኞች ነበሩኝ ብል የሚያምነኝ ባልንጀራዬ የሙያ ሰው ብቻ ነው።

ዛሬ እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ አልገባም። ያስተወኝ የአባቴ ጽሑፍ ነው።

አባባ መምህር ነበሩ። ደሴና አካባቢዋ ከሃያ ዓመት በላይ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ ያዩትን መጻፍ ጀመሩ። በመስመር ደብተር በእጃቸው የጻፉትን ፒያሳ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወስደው አስተየቡት። ዘመኑ 1991 ዓ.ም. ነው። ጸሐፊዋ ሥራውን በሦስት ፍሎፒ ዲስክ አድርጋ፣ አንድ ቅጂም አትማ ሰጠቻቸው። የታተመውን አንድ ወዳጃቸው ሊያነብ ተዋሰና በዚያው ቀረ። ደብተሮቹም ከጽሕፈት ቤቱ አልተመለሱም። ዲስኮቹን ግን ወደ አሜሪካ በሚመጣ ሰው እጅ፣ በሽሮና በበርበሬ መሀል ጠቅልለው ላኩልኝ። በላያቸው ላይ በዚያ ጥርት ባለው የአስተማሪ ጽሕፈታቸው «፩»፣ «፪»፣ «፫» ብለው ጽፈውባቸዋል። በስልክ «ይኼ ያንተ ሙያ ነው፣ አደራ» አሉኝ። አንዱ ዲስክ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ በስልክ የምናነሳት አንዲት ፎቶ ብዙ ጊዜ አትገባበትም።

አደራውን የበላሁት በዕውቀቴ ነው። በሊኑክስ ፍቅር በነደድኩበት በ1994 ዓ.ም. አንድ ጽኑ እምነት ነበረኝ፤ የአንድ ድርጅት ፕሮግራም ካልተገዛ የማይከፈት ፋይል ፋይል አይደለም፣ ምንም ቅርጽ የሌለው ንጹህ ጽሑፍ ግን አይሞትም የሚል። ሐሳቡ ዛሬም አልተሳሳተም። እናም የአባባን ሦስት ፋይሎች ኮምፒውተሬ ላይ ገልብጬ፣ ከፕሮግራሙ ቅርጽ አውጥቼ ወደ ንጹህ ጽሑፍ ቀየርኳቸው። የቀድሞዎቹን ፋይሎች ሰረዝኩ። ዲስኮቹን ሳጥን ውስጥ ወረወርኳቸው። ጥሩ ሥራ ሠራሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

አባባ በደወሉ ቁጥር «አነበብከው ወይ?» ይሉኝ ነበር። «እያነበብኩ ነው አባባ» እላለሁ። ፋይሉን ከፍቼ አላውቅም። በ2004 ዓ.ም. አረፉ።

ኮሮና ሁላችንንም ቤት በዘጋብን በ2012 ዓ.ም. ጊዜ ተገኘና ፋይሉን ከፈትኩት። በገጹ ላይ ከዳር እስከ ዳር የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍና ነጥብ ተዘርግፏል። አንድም የአማርኛ ፊደል የለም። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፣ የሚያውቀው ቁጥር ነው። በዚያን ዘመን ለአንድ ፎንት የነበረው ቦታ 256 ቁጥር ብቻ ሲሆን የተወሰነው ለማሽኑ ትእዛዝ የተያዘ ነበር። የእኛ ፊደል ደግሞ 33ቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቦቹ ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። የአማርኛ መጻፊያ የሠሩት ባለሙያዎች ታዲያ ብልሃት አበጁ። ለላቲን ፊደል በተመደበው ቁጥር ላይ የእኛን ፊደል ሥዕል አስቀመጡበት፤ አንድ ፎንት ሲሞላባቸው ሁለተኛ ጨመሩ። ማሽኑ እንግሊዝኛ የጻፈ ይመስለዋል፣ እኛ አማርኛ እናነባለን። የግል ጋዜጣና መጽሔት እንደ አሸን በፈላበት በዚያ ዘመን ሸክሙን የተሸከመው ይህ ብልሃት ነው፤ ሠሪዎቹ ምስጋና ይገባቸዋል። ችግሩ እያንዳንዱ ፕሮግራም ፊደሉን በየራሱ መንገድ መደልደሉ ነበር። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አይነበብም፣ ፎንቱ ከጠፋ ደግሞ ከነጭራሹ አይነበብም።

መፍትሔው የመጣው ያለ ነጋሪት ነው። ዩኒኮድ 3.0 እ.ኤ.አ. በ1999 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል የራሱን ቁጥር አገኘ። «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፤ በየትም አገር፣ በየትኛውም ማሽን ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለተጠቃሚ የቀረበውን ዊንዶውስ ቪስታን ያልተሳለቀበት የሙያ ሰው አላውቅም፤ ነገር ግን ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ያ የተናቀው ቪስታ ነው። በሠላሳ ዓመት ካየሁት ሁሉ ትልቁ ቴክኖሎጂ የቱ ነው ብትሉኝ ዩኒኮድ ነው እላለሁ። ዛሬ ከሪያድ የተላከ የአማርኛ መልእክት አዲስ አበባና ሚኒሶታ እኩል የሚነበበው በእሱ ነው። እኩለ ሌሊት የተሰለፈለት ሰው ግን የለም። የፒያሳዋ ጸሐፊ የአባባን ሥራ ስትጨርስ ዩኒኮድ 3.0 ሊወጣ ጥቂት ነበር የቀረው። አንድ ዓመት ቀደሙት።

በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ገዛሁ። አንደኛው ዲስክ ተነበበ፣ ሁለተኛውም ተነበበ። ጸሐፊዋ፣ እግዜር ይስጣት፣ በአንደኛው ዲስክ ላይ ሁለቱንም ፎንቶች ጭናልኝ ነበር። በየቁጥሩ ላይ የትኛው ፊደል እንደተሳለ አንድ በአንድ አይቼ ሠንጠረዥ አወጣሁ፣ በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የመጀመሪያው መስመር በአማርኛ ወጣ፤ «የተወለድኩት የአንበጣ ዓመት ነው ይላሉ።» ከስምንት ዓመት በኋላ የአባባን ድምፅ ሰማሁት። አልቅሼ ስጨርስ ሦስተኛውን ዲስክ ከተትኩት።

ሦስተኛው ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ አለና ዝም አለ። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ሌላ ማንበቢያ ገዛሁ፤ ከዚያው ነው። የእሱን ይዘት የያዘ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ በ1994 እኔ የቀየርኩት ንጹህ ጽሑፍ።

ንጹህ ጽሑፍ ንጹህ የሚባለው ቁጥሩን ብቻ አስቀርቶ ፎንቱን ስለሚጥል ነው። ለእንግሊዝኛ ምንም አይጎድልበትም። ለአባባ ጽሑፍ ግን የተጣለው ግማሹ መልእክት ነበር። 97 ቁጥር በአንደኛው ፎንት «ተ» ነው፣ በሁለተኛው «አ» ነው። ከየትኛው ፎንት እንደመጣ የሚናገረውን ምልክት እኔ በገዛ እጄ አራግፌዋለሁ። ስለዚህ በሦስተኛው ዲስክ እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ፊደል ሆነ፤ የሦስት ፊደል ቃል ስምንት ዓይነት ሊነበብ ይችላል።

ደግነቱ ከስምንቱ ሰባቱ አብዛኛውን ጊዜ ቃል አይደሉም። ከሁለቱ ዲስኮች ባወጣሁት የቃላት ዝርዝር እያመሳከረ ፕሮግራሜ አብዛኛውን ለየው። የቀረውን በዐውዱ እያየሁ እኔ ለየሁት። ስም ላይ ግን ዐውድ አይረዳም። «ተበጀ» ነው «አበጀ»? ሁለቱም ስም ነው። እማዬ አዲስ አበባ ናት፣ ያኔ ሰማንያ ዓመት አልፏታል፤ ግን የደሴን ሰው አንድ በአንድ ታውቃለች። ማታ ማታ ደውዬ አነብላታለሁ። «ጫማ ቤት የነበረው ከሆነ አበጀ ነው፤ ተበጀ ወንድሙ ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ቀርቷል» ትለኛለች። ከእናቴ ጋር የዚያን ዓመት ያህል አውርተን አናውቅም።

ከዚያ ወዲህ የቱ ይሻላል ሲሉኝ መለኪያዬ አንድ ሆነ፤ ነገ ልልቀቅ ብል ዕቃዬን ይዤ መውጣት እችላለሁ ወይ?

በዚህ መለኪያ ማንም ሙሉ ማርክ አያገኝም። ዊንዶውስ በየመሥሪያ ቤቱ አለ፣ ልጅቷም ሥራ ስትይዝ የሚጠብቃት እሱ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ግዴታ አደረገ፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። ምክንያቱ ደኅንነት ነው፣ እውነትም አለበት። ውጤቱ ግን ዕድሜው እንጂ ሌላ ጉድለት የሌለበት ማሽን ከቆሻሻ ጋር መጣሉ ነው። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ የሚያመጡልኝ ሰዎች ካሉ ሊኑክስ ሚንት እጭንበታለሁ፤ ለኢሜይል፣ ለዩቲዩብና በዙም ለሚደረግ ጸሎት ይበቃል። አፕል ውድ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ያገለግላል፣ ያረጁ ስልኮቹንም ለዓመታት ያድሳል፤ ሆኖም መግቢያው ሰፊ፣ መውጫው ጠባብ ነው። ክላውድ የሚሉት ደግሞ የኪራይ ቤት ነው። የኪራይ ቤት ነውር የለውም፣ ስደተኛ ሁሉ ኖሮበታል። ነውሩ ኪራይ መሆኑን ረስቶ እንደ ርስት መቁጠሩ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ?

ስለዚህ አሁን የምመክረው የዕቃ ዓይነት አይደለም። ፎቷችሁን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጡ፤ ሌላ ቅጂ በሌላ ሰው ቤት አስቀምጡ። የስልካችሁን ቁጥር አንድ የምታምኑት ሰው ይወቀው። ከ1990ዎቹ የቆየ የአማርኛ ፋይል በእጃችሁ ካለ ፎንቱን አብራችሁ አኑሩ፣ ዛሬ ነገ ሳትሉ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሩት። ስትቀይሩ የመጀመሪያውን ፋይል አትሰርዙ። ከሁሉ አብልጣችሁ የምትሳሱለትን ደግሞ በወረቀት አትሙት፤ ወረቀት አፕዴት አድርገኝ አይልም።

ይህን ሁሉ የምናገረው እንደ ባለሙያ ነው። እንደ ልጅ ግን ያልቋጨሁት ነገር አለኝ።

ሦስተኛው ዲስክ የያዘው ከ1969 እስከ 1971 ዓ.ም. ያለውን ነው። አባባ አብሯቸው ስላስተማረ አንድ የልብ ጓደኛቸው ይጽፋሉ፤ ስሙን እዚህ አላነሳም። አንድ ቤት ተከራይተው ኖረዋል፣ በአንድ ትሪ በልተዋል። አንድ ምሽት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ይወስዱታል። ሁለት ቀን ወሬው አይሰማም። ከዚያ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር አለች፤ «በሦስተኛው ቀን እሱም …ጋለጠ።»

ነጥብ ያደረግሁባት ፊደል 97 ናት። «ተጋለጠ» ከሆነ ሰውየው ተጠቁሞበት ምስጢሩ ወጣ ማለት ነው። «አጋለጠ» ከሆነ የሌሎችን ስም ሰጠ ማለት ነው። ያንን ዘመን ያየ ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ገደል ምን ያህል እንደሆነ አይነገረውም። ተከታዩ አንቀጽ ሁለቱንም ይቀበላል፤ ከሳምንት በኋላ አምስት መምህራን ታሰሩ፣ አባባም ከእነሱ አንዱ ነበሩ። የጓደኛቸው ስም ግን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አይነሳም። የእኔ ፕሮግራም ሁለቱንም ቃል ያውቃቸዋል፣ መምረጥ ግን አልቻለም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብጠይቅ አንዱን ይመርጥልኝ ይሆናል፤ መገመት ግን ማወቅ አይደለም።

ለእማዬ ደወልኩ። «አንዲት ቃል ቀረችኝ» ብዬ በሁለቱም መንገድ አነበብኩላት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «እማዬ?» አልኩ።

«ሰውየው እኮ ልጆች ወልዷል» አለች። «ታምሜ ስተኛ ትልቋ ልጁ እየመጣች ትጠይቀኛለች።»

«እሱ ገብቶኛል እማዬ። አባባ የጻፉት ግን የትኛውን ነው?»

«ተ በለው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ተ በለው አልኩህ እኮ!» አለችና የእህቴን ልጅ ወሬ ጀመረች።

መጽሐፉን በ2014 ዓ.ም. በሃምሳ ቅጂ አሳተምኩት፤ ለቤተሰብና ለወዳጅ። «ተጋለጠ» ይላል። እማዬ አንዱን ቅጂ ለዚያች ልጅ እንደሰጠቻት ነገረችኝ። ፋይሉን በዩኒኮድ አድርጌ በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ። በዚያች ቃል አጠገብ ግን፣ በታተመው መጽሐፍ ላይ የሌለ፣ በቅንፍ የገባ አንድ ቁጥር አለ፤ 97።

ሦስተኛው ዲስክ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። በላዩ ላይ የአባባ «፫» አሁንም ጥርት ብሎ ይነበባል። የተጎዳ ዲስክን በልዩ መሣሪያ አንብበው የቀረውን የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ አንዳንዴ ይሳካላቸዋል፣ ዋጋቸውም ከአንድ አዲስ ስልክ አይበልጥም። ፖስታ ገዝቼ አድራሻቸውን ጽፌበታለሁ፣ ቴምብርም ለጥፌበታለሁ።

እስካሁን አልላክሁትም።